ምክር የማይሰጥበት ክፍል

ሰኞ ከሥራ መልስ የባለቤቴ አባት የሚሠሩበት ማተሚያ ቤት ማሽን ሠራተኛ በራችንን አንኳኳ። በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል። ባለቤቴ ግባ ብትለው አልገባም፤ ደፉ ላይ እንደቆመ ጋዜጣውን ገለጠልን። የአባቷ የብረት ማስመሪያ ነበር።

«ዛሬ መጥተው ሰጡኝ» አለ። «‹ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፤ አንተ ሥራበት› አሉኝ። ሞረዱንም ለሌላ ሰው ሰጡት። ይሄን ማስመሪያ ስመኘው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሰጣጣቸው ግን ደስ አላለኝም።»

አባባ ወረቀት ቆራጭ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመቁረጫ ማሽን ፊት ቆመዋል። ደንበኛ «አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቀንሱልኝ» ሲል «‹ያህል› የሚባል መለኪያ የለኝም፤ አሥር ሚሊሜትር በል» ስለሚሉ «ሚሊሜትር» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ ከማተሚያ ቤቱ ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ሰው ሁሉ ለምክር ወደ እሳቸው ይመጣ ነበርና። የተጣሉ ወንድማማቾች፣ ላግባ አላግባ የሚል፣ ሥራዬን ልልቀቅ የሚል፣ ሁሉም «እስቲ ሚሊሜትርን ልጠይቅ» ይላል። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና አንድ አጭር ነገር ቆርጠው ይሰጡታል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይመጣ ነበር።

ከአምስት ወር ወዲህ ይህ ሁሉ ቀርቷል። ከጎናቸው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው መጽሐፍ ጠራዥ በዚያ ሰሞን ሞተ። ራሱን ነው ያጠፋው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም፤ «ድንገት ነው» ይባላል። አባባ ከሥራ ፈቃድ ወስደው እኛ ቤት፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ ተኙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ ከሁለት ማንኪያ አያልፍ። ምክር ፈላጊ በር ሲያንኳኳ ከውስጥ ሆነው «የለም በሉት» ይላሉ። ሐዘን ነው፣ ጊዜ ይፈውሰዋል ብለን ተቀመጥን።

የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ «በርቱ» ማለት። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ጠንከር ይበሉ እንጂ» ብሎ ይሄዳል። እኔም እላለሁ። ባለቤቴ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ጫማዋን እያሰረች «አባዬ፣ በርታልኝ እሺ?» ትላለች። እሳቸው አይመልሱም።

ማሽን ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ማስመሪያውን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀመጠች።

«አባዬ እኮ ብሎን እንኳ ለሰው አያውስም» አለች። «ዕቃውን ማደል የጀመረ ሰው የት ሊሄድ ነው?»

መልሱን ሁለታችንም ጠርጥረነዋል። ከአፋችን ግን አልወጣም።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ የምታወጣዋን ልጅ በመስኮቱ በኩል «የምክር አገልግሎት ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«የምን ምክር? የእርግዝና ነው የስኳር?»

«የ… የሐሳብ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም አዩኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የጭንቀት ማለትህ ነው? እዚህ የለም። ግድግዳው ላይ የስልክ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ሦስተኛው ነው» አለችኝ።

ደጅ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ የምክር አገልግሎት ነው?»

መጀመሪያ የአየር መሙያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ጎርናና ድምፅ ሰማሁ። «ጎማ ቤት ነው ወንድሜ። ግን እንዳትዘጋው። እነሱ ቁጥር ቀይረዋል፤ አዲሱ እኔ ጋ አለ።»

«ዝርዝሩ ላይ ያለው ይሄ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አርሙት እያልኩ ነው። በቀን አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም።»

«እንዴት ያስቸግርህ ይሆን።»

«መጀመሪያማ እናደድ ነበር። አንድ ቀን አንዷን ‹ተሳስተሻል› ብዬ ልዘጋባት ስል ማልቀስ ጀመረች። የያዝኩትን ጎማ አስቀመጥኩና ሰማኋት። ምን ላድርግ? ስለ ጎማ እንጂ ስለ ሌላው ምን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ግድግዳዬ ላይ ጻፍኩት። የደወልከው ለራስህ ነው?»

«ለባለቤቴ አባት።»

«ጎሽ። በል ጻፍ።» ቁጥሩን ቀስ እያለ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። «ከምሳ በፊት ቶሎ አያነሱም። አላነሱም ብለህ እንዳትተወው። ጭራሽ እንቢ ካለህ መልሰህ ለኔ ደውል፤ አንድ መላ እንፈልጋለን።»

ከምሳ በኋላ አነሱ። አንዲት ሴት ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ቢሮው ከዚያው ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ዝርዝሩ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

የቀረው ለአባባ መንገር ነበር።

«አንተ ንገረው» አለች ባለቤቴ። «እኔ ከጀመርኩ አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ እሱ ተነስቶ እኔን ማባበል ይጀምራል። ነገሩ ይገለበጣል።»

አስተማሪ ነኝ፤ ረቡዕ ከሰዓት ክፍል የለኝም። ልብስ አጥቤ በረንዳው ላይ ላሰጣ ስል «አባባ፣ መቆንጠጫ የሚያቀብለኝ ሰው ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው በነጠላ ጫማ እየተጎተቱ ወጡ። የመቆንጠጫውን ቆርቆሮ ይዘው አጠገቤ ቆሙ፤ አንድ አንድ እያሉ ያቀብሉኛል። ፊት ለፊት ስላልተያየን መናገሩ ቀለለኝ።

«አንድ ቦታ አግኝተናል» አልኩ ሸሚዙን እያራገፍኩ። «የምክር አገልግሎት የሚሰጥበት። ቅርብ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቢሄዱ ይጠብቁዎታል።»

እጄን ዘረጋሁ፤ መቆንጠጫው አልመጣም። ዞር ስል ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘውታል።

«ማን ነው የላካችሁ?»

«ማንም አልላከንም አባባ፣ እኛው…»

«ንገሯቸው። ምክር መስጠት ትቻለሁ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ምን እንደሰሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምክር የሚሰጥበት ቦታ ስላቸው፣ ምክሩን የሚሰጡት እሳቸው መስሏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምክር ሲባል እሳቸው ሰጪ እንጂ ተቀባይ ሆነው አያውቁም። «አይ፣ እርስዎ ሊሰጡ አይደለም» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንዱን መክሬ ገድያለሁ። ይበቃኛል።»

ሸሚዙን ገመዱ ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ።

«ምሳ ሰዓት ነበር» አሉ። «ከወረቀቱ ክምር ጀርባ መጣ። ‹ደክሞኛል፤ ጠዋት መነሳት አቅቶኛል፤ ለምን እንደምነሳም ጠፍቶኛል› አለኝ። የኔ ዓይን ማሽኑ ላይ ነው። አራት ሺህ የደብተር ሽፋን ይጠብቀኛል። ‹በርታ እንጂ፣ ልጆች አሉህ፣ የባሰበት ስንት አለ፣ ያልፋል› አልኩት። ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ‹እሺ፣ እበረታለሁ› አለኝ። አመሰገነኝ እኮ! በዘጠነኛው ቀን ሞተ።»

ታች መንገዱ ላይ መኪና አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ሚስቱን ላጽናና ስሄድ እጄን ይዛ ምን አለችኝ መሰለህ። ‹እርስዎማ መክረውት ነበር፤ ‘ሚሊሜትር መክሮኛል፣ እበረታለሁ’ ብሎኝ ነበር› አለችኝ። ልታመሰግነኝ። የኔ ምክር ይሄ ነው። እንግዲህ ለማን ልስጠው?»

ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰው «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ይበርቱ» ነበር። ልለው ስል ተውኩት። አምስት ወር ሙሉ ምን ስንላቸው እንደከረምን ታየኝ። ወዳጃቸውን ገደለብኝ የሚሉትን ቃል፣ እኛ በፍቅር፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመን ስናቀብላቸው ነበር።

ከቅርጫቱ አንሶላ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ሳልጠይቃቸው ያዙልኝ፤ ዘርግተን አብረን ሰቀልነው።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት አስገብቼ ነገርኳት። የጋዝ ምድጃውን ተደግፋ ሰማችኝ።

«በየቀኑ» አለች በመጨረሻ። «በየቀኑ እኮ ነው ያልኩት።»

«አላወቅንም።»

«አላወቅንም» አለች፤ ግን እንዳልተጽናናችበት ያስታውቃል። ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ። «ደውልላት። ሳምንት አይጠበቅም።»

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደወልኩ፤ ያቺው ቀጠሮ የሰጠችኝ ሴት አነሳች። «አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አልኳት ባለሙያዋን። «እናንተ ጋ የግድ ምክር ይሰጣል?»

ሳቀች። «በራችን ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ስሙ ነው እንጂ፣ እኔ ከማወራው የምሰማው ይበልጣል። ለምን ጠየቅከኝ?»

ነገርኳት። ማስመሪያው ጋ ስደርስ ሳቁ ከድምጿ ወጥቷል።

«ስለ መሞት አንስተው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«አንተስ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«ያላሰቡትን እንዳላሳስባቸው ብዬ…»

«በመጠየቅ አይመጣም። ካለ ግን በመጠየቅ ይወጣል። ዛሬውኑ፣ ሳትሸፋፍን ጠይቃቸው። ብቻቸውን አትተዉአቸው። መድኃኒትም ስለታም ነገርም ከአጠገባቸው አንሱ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይምጡ። መልሳቸው ‹አሁን› ከሆነ ግን ነገን እንዳትጠብቅ፤ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። ለኔም ደውልልኝ።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰው አማቱን እንዴት እንደሚጠይቅ የትም አላስተማሩኝም።

«አባባ፣ በግልጽ ልጠይቅዎት። መሞት ያስቡ ይሆን?»

ግድግዳውን እያዩ ቆዩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ናት።

«አንዳንድ ቀን» አሉ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አይደለም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። «ይሄን ለመጠየቅ አምስት ወር ፈጀባችሁ?»

ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ባለቤቴ ገብታ ወለሉ ላይ፣ ራስጌያቸው አጠገብ ተቀመጠች። እጃቸውን ሰጧት።

«ነገ ጠዋት የምንሄድበት ቦታ አለ» አልኩ። «ያ በረንዳ ላይ ያልኩዎት። ተሳስቼ ነው የነገርኩዎት። እዚያ ምክር አይሰጥም።»

«ታዲያ ምን ይሰጣል?»

«ወንበር።»

«ወንበር እዚህ ሞልቷል።»

«ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰውም አለ።»

«ከኔ ምክር አይፈልጉም?»

«አይፈልጉም።»

«ከፈለጉ ተነስቼ ነው የምወጣው። ነግሬሃለሁ።»

«አብረን እንወጣለን።»

«እኔም እቀራለሁ ከሥራ፤ እመጣለሁ» አለች ባለቤቴ።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሏት። «ሦስት ሆነን ብንሄድ ሴትዮዋ ለጋብቻ የመጣን ይመስላታል።»

ባለቤቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ እንደፈራችውም አባባ እሷን ማባበል ጀመሩ። ያን ቀን ነገሩ በመገለባበጡ አልከፋንም።

ጠዋት ባለቤቴ ጫማዋን አሰረች። ቀና ብላ «አባዬ» አለች፤ አፏ የለመደውን ቃል ሊያወጣ ሲል ያዘችው። በሩን ከፍታ እንደቆመች የምትለው ጠፋት። ሌላ ቃል አልነበራትም፤ ያቺ አንዷ ነበረች።

«አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለች።

«እሺ» አሉ አባባ።

ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ሰማኋት። ታች ስትደርስ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

የቢሮው ደረጃ ጠባብ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ አባባ በሩ ፊት ቆሙ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የምክር አገልግሎት» ይላል። የሚመለሱ መሰለኝ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ቀረቡት።

«ይሄን ማን ነው የቆረጠው?»

«አላውቅም አባባ።»

«በቀኝ በኩል ሦስት ሚሊሜትር ዘሟል። በመቀስ ነው። በር ላይ ለሚውል ነገር መቀስ?»

በሩ ተከፈተ። አጠር ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴት ቆማለች። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች።

አባባ ደነገጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ እንዲያው የሥራ ነገር ሆኖብኝ…»

«እውነትዎን ነው፤ ዘሟል። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያናድደኛል።» መንገድ ለቀቀችላቸው። «ልጅዎ አብሮ ይግባ ወይስ ውጭ ይጠብቅ?»

ልጄ አይደለም፣ የልጄ ባል ነው ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። «ውጭ ይጠብቅ» አሉ። ገብተው በሩ ሊዘጋ ሲል ድምፃቸው ተከተለኝ፤ «ሩቅ ግን አይሂድ።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ ምንም ድምፅ አልነበረም። ተነስተው ይወጣሉ ብዬ ዓይኔን ከእጀታው ላይ አላነሳሁም። ከዚያ የአባባ ድምፅ ተሰማ። ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አይቋረጥም። ቃል መለየት ልችል ነው ብዬ ስለፈራሁ ተነስቼ አግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያም ይሰማል። ደረጃው ራስ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። መሐረባቸው በእጃቸው ተጨምድዷል። ሴትዮዋ «እንግዲህ ማክሰኞ» አለቻቸው፤ «ማክሰኞ» ብለው ጨበጧት።

ታክሲ ልያዝ ስል በእግር እንሂድ አሉኝ። ከአምስት ወር ወዲህ ለዚያ ለማስመሪያው ጉዳይ እስከ ማተሚያ ቤቱ ከመሄዳቸው በቀር በእግራቸው ወጥተው አያውቁም። ቀስ ብለን ሄድን። እኔም እንዳልጠይቅ ለራሴ ነግሬ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ምን አለችዎት?»

«ብዙም አላለች። ‹ከዚያስ?› ትላለች። እነግራታለሁ፤ ‹ከዚያስ?› ሌላ ቃል ያላስተማሯት ይመስል።» ጥቂት ሄድን። «ሐኪም ጋም ትልከኛለች፤ ለእንቅልፉ። ‹ጥፋተኛ አይደሉም› አለችኝ እንድልህ ትጠብቅ ይሆናል። አላለችም። ብትለኝም አላምናት። ስለ እሱ ነው የጠየቀችኝ።»

«ስለ ጠራዡ?»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው በልቼ መልስ አጣሁ። አምስት ወር ሙሉ የማስበው እንዴት እንደሞተ ነው እንጂ ሰውዬውን ረስቼዋለሁ።» መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ኋላ አንድ ነገር መጣልኝ። አንድ ጊዜ ሁለት መቶ የመማሪያ መጽሐፍ ሽፋኑን ገልብጦ ጠረዘ።»

«ሁለት መቶውንም?»

«ሁለት መቶውንም። አለቃችን ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸ። እሱ አንዱን አነሳ፣ አገላበጠው፣ ‹ሽፋኑማ ልክ ነው፤ የተገለበጠው ውስጡ ነው፤ አታሚውን ጠይቅ› አለው። አለቃው እውነት መስሎት አታሚው ጋ እየሮጠ ሄደ!»

አባባ ሳቁ። አጭር ሳቅ ናት፤ እሳቸውም የደነገጡባት ይመስለኛል፤ ቆም ብለው ዙሪያቸውን አዩ፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«አንተም ጀመርክ?»

ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ናት። «የት ናችሁ?»

«መንገድ ላይ። እያወራን ነው።»

«ማን ነው የሚያወራው?»

«አባባ።»

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሰው ሲጠራት ሰማሁ፤ እሷ ግን ስልኩን ሳትዘጋ ጥቂት ቆየች። እኔም አልዘጋሁም፤ የአባቷ ድምፅ እንዲሰማት ስልኩን ዝቅ አድርጌ ያዝኩት።

አባባ ስለ ጠራዡ ሙጫ እያወሩ ነበር። እሱ ሙጫውን ራሱ ያፈላው እንደነበር፣ ሽታው ልብሱ ላይ ስለሚቀር ገና ደረጃው ላይ ሳለ ሚስቱ መምጣቱን እንደምታውቅ፣ አንድ ቀን ሄደው ይህን ለሚስቱ ሊነግሯት እንደሚፈልጉ፣ ዛሬ ግን እንደማይችሉ። ወደ ቤታችን የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፍነው። አላስቆምኳቸውም።